ከካውንስለሯ ቢሮ እስከ ሳሎን

ስልኩ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ቦታ ነው። እናት ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ፈረቃዋ ላይ ናት፤ አባት ኡበሩን አቁሞ ተራ ይጠብቃል። ቁጥሩን አያውቁትም። መጀመሪያ የሚሰማው እንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ ይገባል፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። የሚደወልልዎ ከልጅዎ ትምህርት ቤት ነው። ልጅዎ ደህና ናት፣ አይደንግጡ። ካውንስለሯ፣ የተማሪዎች አማካሪዋ፣ ሊያነጋግሩዎ ፈልገው ነው።» በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ከወላጅ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ነው፦ «ምን አጠፋች?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሁሉ ያውቃል። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» መባል ቅጣት ነበር። ወላጅ የሚያመጣው የተደባደበ፣ ያረፈደ ወይም ክፍል የረበሸ ልጅ ነው። ወላጅም ከዩኒት ሊደሩ ፊት ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ልጁን እዚያው ይቆጣል፤ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ትምህርት ቤት ወላጅን «ልጅህ ከፍቶታል፣ ምን እናድርግለት?» ብሎ ለመምከር የጠራበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ካውንስለሯ ግን የደወለችው ጥፋት ልትናገር አይደለም። ልጅቱ ከምሳ በኋላ ክፍል መግባት ትታለች፤ እንቅልፍ እንደሌላት ተናግራለች፤ አንድ ቀን መምህሯ ፊት አልቅሳለች። ትምህርት ቤቱ ይህን አይቷል፤ የሚረዳ ሰውም አለው። ቤት ያሉት ወላጆች ግን ገና ምንም አላወቁም። የዚህ ዘገባ ጉዳይ በዚያ ስልክና በዚያ ጥያቄ መካከል ያለው ርቀት ነው።

በአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል፣ ሰሚናሪ ሮድ ላይ፣ ሳውዘርን ታወርስ የሚባሉ አምስት ረጃጅም የአፓርታማ ሕንጻዎች አሉ። ከሁለት ሺህ በላይ ቤቶች ያሉት ይህ ግቢ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ በአሜሪካ የመጀመሪያው አድራሻው ነው። ማለዳ ሊፍቱ ውስጥ ታክሲ ነጂው፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዋ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛውና ቦርሳ ያዘለው ተማሪ አብረው ይወርዳሉ። ከግቢው ብዙም ሳይርቅ የዊልያም ራምዚና የጆን አዳምስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ የፍራንሲስ ሃመንድም መካከለኛ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። እ.አ.አ. በ2018 ደግሞ ቦሪጋርድ ጎዳና ላይ አንድ የቢሮ ሕንጻ ተለውጦ ፈርዲናንድ ቲ. ዴይ የተባለ ትምህርት ቤት ሆኗል። ስሙ በቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቦርድን በሊቀመንበርነት ለመምራት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ለሆኑት ሰው መታሰቢያ ነው።

የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ለቤተሰብ መልእክት የሚልኩት ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በዳሪ ነው። ልጆቹ በመጨረሻ የሚደርሱበት አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል፣ እስከ 2021 ቲ.ሲ. ዊልያምስ ይባል የነበረው፣ ከአራት ሺህ በላይ ተማሪ የሚማርበት በቨርጂኒያ ትልቁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ አዲስ መጤዎች በ2012 ኢንተርናሽናል አካዳሚ የተባለ ክፍል በውስጡ ተከፍቶላቸዋል። የከተማዋ ጤና ቢሮ የሚያስተዳድረው ቲን ዌልነስ ሴንተርም በትምህርት ቤቱ ውስጥ ይሠራል፤ ተማሪው አውቶቡስ ሳይሳፈር፣ ወላጁም ከሥራ ሳይቀር፣ ሐኪም የሚያገኝበት ቦታ ነው። በየትምህርት ቤቱም ካውንስለር፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሶሻል ወርከርና ነርስ በአንድ ቡድን ይሠራሉ። ይህ ሁሉ አገልግሎት ለሳውዘርን ታወርስ ልጅ በእግር ወይም በትምህርት ቤት አውቶቡስ በሚደረስበት ርቀት ላይ ነው።

ከተማዋ ስለ ልጆቿ ደኅንነት የተከራከረችው በአደባባይ ነው። በሜይ 2021 የከተማዋ ምክር ቤት አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፖሊሶችን ከትምህርት ቤቶች አስወጥቶ 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋው በጀታቸው ለወጣቶች የአእምሮ ጤና እንዲውል ወሰነ። ትምህርት ከተከፈተ ሁለት ወር ሳይሞላ የተማሪዎች ጠብ በረከተ፤ በኦክቶበር ያው ምክር ቤት፣ በዚያው የአንድ ድምፅ ልዩነት፣ ፖሊሶቹን መለሰ። የክርክሩ ማዕከል ፖሊስ ነበር። ከማርች 2020 ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል ቤት ውስጥ በስክሪን ሲማሩ የቆዩ ልጆች ምን ሆነው እንደተመለሱ ግን በአንድ ስብሰባ የሚፈታ ጥያቄ አልነበረም።

የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በየሁለት ዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በጽሑፍ ይጠይቃል። በ2021 ከ100 ተማሪዎች 42ቱ ባለፈው ዓመት ውስጥ ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ከዕለት ተግባራቸው እንዳገዳቸው ተናገሩ። ሴቶቹ ብቻ ሲቆጠሩ 57 ደረሱ። ከ100 ተማሪዎች 22ቱ ራሳቸውን ስለማጥፋት ከልብ አስበው እንደነበር መለሱ። በ2023 ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ 40፣ 53 እና 20 ሆነ። ሠላሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ከ100 አርባው ማለት አሥራ ሁለት ልጅ ነው። በኦክቶበር 2021 የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርና ሌሎች ሁለት ማኅበራት ሁኔታውን አገራዊ አስቸኳይ ጉዳይ ብለው አወጁ፤ በዲሴምበር የአገሪቱ የያኔው ሰርጅን ጄኔራል ቪቬክ መርቲ ልዩ ማስጠንቀቂያ አወጡ።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ነገሩ ሰፋ ይላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ሥርዓት ወደ 160 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችን ይዞ በሜሪላንድ አንደኛ ነው። አማርኛ ለወላጅ የሚላኩ ማስታወቂያዎች ከሚተረጎሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ጆርጂያ አቬኑን ተከትሎ የሚሄድ ሰው የአማርኛ የሱቅ ሰሌዳ ሳያይ ብዙ አይራመድም፤ ከዚያው ጎዳና ጀርባ ባሉት ሰፈሮች የሚያድገው ልጅም በሞንትጎመሪ ብሌር፣ በኖርዝውድ ወይም በስፕሪንግብሩክ ሃይስኩል ይማራል።

በዚህ ካውንቲ አገልግሎትን ወደ ትምህርት ቤት የማምጣት ሐሳብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ሊንኬጅስ ቱ ለርኒንግ የተባለው መርሐ ግብር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የካውንቲውን የጤና ቢሮ፣ የትምህርት ሥርዓቱንና በጎ አድራጎት ድርጅቶችን አጣምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ ቤተሰቦች ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይሠራል። ልጁን የሚያነጋግር ቴራፒስት አለ፤ በዚያው ክፍል ደግሞ ለወላጁ የኪራይ ዕዳን፣ የጤና መድንን፣ የምግብ እርዳታን ነገር የሚከታተል ሰው አለ። ይህ መገጣጠም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ቤት ኪራይ ባልተከፈለበት ወር የልጁን ጭንቀት ለብቻው ማከም እንደማይቻል መርሐ ግብሩን የነደፉት ሰዎች ገና ያኔ አውቀውታል።

በ2007 ደግሞ በሲልቨር ስፕሪንጉ ኖርዝውድ ሃይስኩል ውስጥ የዌልነስ ማዕከል ተከፈተ። የሐሳቡ መነሻ ወጣቶችን ከጋንግ የመጠበቅ ጥረት ነበር። ሕክምና፣ ምክርና ከትምህርት ሰዓት ውጪ ወጣቱን የሚይዝ ፕሮግራም አንድ ጣራ ሥር ገቡ። ከኮቪድ በኋላ ካውንቲው እንዲህ ያለ ሙሉ ማዕከል ላልነበራቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሪጅ ቱ ዌልነስ የተባለውን አገልግሎት ዘረጋ። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ያለውን ሥራ ኖርዝውድ ላይ ሲመራ የኖረው አይደንቲቲ የተባለው ድርጅት በ1998 የተመሠረተው የላቲኖ ወጣቶችን ለመርዳት ነው። ላቲኖዎቹ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የራሳቸውን ቋንቋ የሚናገር፣ የራሳቸውን ቤት የሚያውቅ ተቋም አስገብተዋል። ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ ከእነሱ የሚማሩት አላቸው።

ባልቲሞር የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1995 ጀምሮ በትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚሰጥ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ብቻ የሚሠራ ብሔራዊ ማዕከል አለው። ማዕከሉ የሚያስተምረው አሠራር ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ለሁሉም ነው፦ ልጅ በስሙ የሚጠራበት ክፍል፣ ስሜትን መግለጽና ጠብን በቃል መፍታት የሚማሩበት ጊዜ። አሌክሳንድሪያ ይህን በመደበኛው የትምህርት ቀን ውስጥ አስገብታዋለች። ሁለተኛው ምልክት ለታየባቸው ነው፦ አዲስ ለመጡ ልጆች፣ ቤተሰብ ለሞተባቸው፣ መቅረት ላበዙ የሚዘጋጅ አነስተኛ ቡድን። ሦስተኛው ለጥቂቶቹ ነው፤ ከባለሙያ ጋር ለብቻ የሚደረግ ሕክምና። ብዙ ሰው የአእምሮ ጤና ሲባል የሚታየው ሦስተኛው ብቻ ነው። ለአብዛኛው ልጅ ግን የመጀመሪያው ይበቃዋል። በ2011 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ 213 እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችንና 270 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችን መርምሮ ልጆቹ በጠባይ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ውጤትም እንደተሻሻሉ አሳይቷል። ለኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሌላው ሁሉ በላይ ጆሮ የሚያገኝ ነው፤ ቢያገኝም ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ ሥራው የካውንስለሯ ብቻ አይደለም። ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ቢሆን ይመረጣል ይላል የሙያ ማኅበራቸው፤ ሦስትና አራት ሺህ ልጅ ባለበት ግቢ ጥቂት ሰዎች ብቻቸውን ሁሉን ሊያዩ አይችሉም። የሚያየው ጠዋት በር ከፍቶ የሚቀበለው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ትሪውን ሳይነካ የሚመልሰውን ልጅ የምታውቀው የካፍቴሪያ ሠራተኛ ናት፤ ምሳ ሰዓት ሽንት ቤት የሚደበቀውን የሚያገኘው የጽዳት ሠራተኛ ነው። በሁለቱም ወረዳዎች በእነዚህ ሥራዎች ላይ ኢትዮጵያውያን አሉ። ልጁ ለካውንስለሯ በእንግሊዝኛ የማይናገረውን ለእነሱ በአማርኛ ይናገር ይሆናል። ከአውስትራሊያ የመጣው የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና በ2008 ወደ አሜሪካ ሲገባ ካስገቡት ግዛቶች አንዷ ሜሪላንድ ነበረች። ሥልጠናው የተዘጋጀው ለሐኪም ሳይሆን ልክ እንደ እነዚህ ላሉ ሰዎች ነው፤ ምልክት ማየት፣ ሳይፈርዱ መስማት፣ ወደሚረዳው ሰው ማድረስ።

ሠራተኛውም ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ልጅ እንባ ስትጠርግ የዋለች መምህርት ማታ የራሷ ልጆች ይጠብቋታል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ቢ ዌል 365 ብለው ከኮቪድ በፊት የጀመሩት ንቅናቄ ሠራተኛውንም ሊያካትት የሚገባው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ሸክም ግን ትምህርት ቤት በራፍ ላይ የሚታይ አይደለም። አንዳንዱ ልጅ እናቱ ቀድማ መጥታ እሱ ከአያቱ ጋር ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቷል። አያቱን እማዬ ብሎ አድጓል። ቪዛው ወጥቶ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ የተቀበለችው ሴት በስልክ የሚያውቃት እናቱ ናት፤ ቤቱ ውስጥ የማያውቃቸው ታናናሽ ወንድምና እህት አሉ። እናት ዕድሜ ልኳን የለፋችለት ቀን ደረሰ ብላ በደስታ ታለቅሳለች፤ ልጁ ደግሞ አያቱን ያጣበት ቀን ነው። ሁለቱም ሐቅ ነው። ይህን ሐዘን የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ልጁ ዝም ይላል፤ ዝምታው ለወላጅ ጨዋነት፣ ለመምህር ደግሞ እንግሊዝኛ አለማወቅ ይመስላል።

ሌላዋ የበኩር ልጅ ናት። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ፣ ከአከራይ የመጣ ማስጠንቀቂያ፣ የአባት የሆስፒታል ቀጠሮ በእሷ አፍ ነው የሚያልፈው። ስለ ኪራዩ ዕዳ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፤ ስለ አባቷ የደም ግፊትም እንዲሁ። ማታ ታናናሾቿን አብልታ የቤት ሥራዋን እኩለ ሌሊት ትጀምራለች። ጎረቤት «እንዴት ያለች ልጅ!» ብሎ ያመሰግናታል። እውነትም የምትመሰገን ናት፤ ደግሞም ደክማለች።

የትምህርት ውጤት ጫናም አለ። «እኛ ለአንተ ብለን ነው» የሚለው ቃል በፍቅር የሚነገር ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ዶክትሬቱን ትቶ ፓርኪንግ ውስጥ የቆመ አባት ለልጁ ሲል ነው የቆመው። ነገር ግን ያንን መሥዋዕትነት በአንድ የሒሳብ ፈተና መክፈል እንደማይችል የሚያውቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢ ያመጣ ቀን ወደ ቤት መግባት ይፈራል። በዚህ ላይ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት በየሳሎኑ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ነበር። አክስቱ ስልክ ሳታነሳ የቆየችበትን ሳምንት ልጁ ከእናቱ ፊት አንብቧል። በኢትዮጵያ የአንድ ክፍል ጓደኛ ይሆኑ የነበሩ ልጆችም ወላጆቻቸው ስለተቀያየሙ ብቻ እዚህ በምሳ ሰዓት ተለያይተው የተቀመጡበት ጊዜ አለ።

ወላጅ ይህን ሁሉ ሳያይ ቀርቶ አይደለም። «የአእምሮ ጤና» ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። በጣሊያን ዘመን የተቋቋመውና ለብዙ አሠርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የቆየው አማኑኤል የሚገባበት ሰው ሕመሙ ጫፍ የደረሰ ነበር፤ ቤተሰቡም ስሙን አያነሳም። በ2001 የታተመው በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ዘመዶች ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው፣ ከሦስት አንዱ የሚበልጡት ደግሞ ሕመሙን መደበቅ እንደሚፈልጉ አሳይቷል። በቶሮንቶ ካናዳ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገና በ2006 በታተመ ጥናት ደግሞ የአእምሮ ጤና ችግር ካለባቸው መካከል የጤና ባለሙያ ዘንድ የሄዱት ከ100 አሥራ ሦስት እንኳ አልሞሉም፤ ከሐኪም ውጪ ወዳሉ ሰዎች የሄዱት ይበልጡ ነበር።

ካህኑና ሼኩ ቀድመው የሚያውቁት ስለዚህ ነው። ዲሲ ወዳሉት ወደ ደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም ወይም ወደ ፈርስት ሂጅራ መስጊድ የሚሄድ ወላጅ ለካውንስለር የማይናገረውን እዚያ ይናገራል። ጸበልና ኪኒን ይጣላሉ ብሎ የሚያስብ ካለ እንጦጦን ማየት ይበቃል። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ስፍራ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች በስምምነት አብረው የሚሠሩበት ክሊኒክ አለ፤ ጸበሉን የሚጠመቀው ሰው መድኃኒቱንም ይወስዳል። የእንጦጦው ካህን ያደረገውን የሲልቨር ስፕሪንጉ ካህን የማያደርግበት ምክንያት የለም። የእሑዱ ስብከት መጨረሻ ላይ «ልጃችሁ ካልተኛ፣ ካልበላ፣ ካለቀሰ ትምህርት ቤቱን አነጋግሩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከመቶ በራሪ ወረቀት የበለጠ ይሠራል።

ፍርሃቶቹ ግን መልስ ይፈልጋሉ፤ «አትፍሩ» ማለት መልስ አይደለም።

አንዱ ሪከርድ ነው። «ፋይሏ ላይ ይጻፍና ኮሌጅ ይከለክሏታል» ይባላል። ለዩኒቨርሲቲ የሚላከው ትራንስክሪፕት ትምህርትና ውጤት ነው የሚይዘው፤ ካውንስለር ቢሮ መግባት አይጻፍበትም። የልጅን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት ደግሞ ከ1974 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የወላጅ ነው። ጤናው ትምህርቱን ለሚያውክበት ተማሪ በሚዘጋጀው የድጋፍ ዕቅድ፣ በ504 ፕላን፣ የፈተና ጊዜ የተጨመረለት ልጅ ቅጣት አልደረሰበትም፤ ከ1973 ጀምሮ ያለ መብቱን ተጠቀመ።

ሁለተኛው «መድኃኒት ያስጀምሩብኛል» የሚለው ነው። የትምህርት ቤት ካውንስለር መድኃኒት አታዝም። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ 12 ዓመት የሞላው ልጅ፣ ባለሙያው በቂ ብስለት አለው ካለ፣ የምክር አገልግሎት በራሱ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ያው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የአእምሮ መድኃኒት በራሱ ፈቃድ እንዳይጀምር ይከለክላል፤ ያ የወላጅ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ «ልጄን ይነጥቁኛል»። መምህራንና ካውንስለሮች ልጅ ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው ሲጠረጥሩ ለሚመለከተው ቢሮ ማሳወቅ በሁለቱም ግዛቶች በሕግ ግዴታቸው ነው፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተግሣጽ ተብሎ የሚታለፍ ዱላ እዚህ እንደማይታለፍ ወላጅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እርዳታ መጠየቅ ግን ጥፋት አይደለም። ልጄ ተጨንቃለች ብሎ ራሱ ቀድሞ የሚደውል ወላጅ ትምህርት ቤቱ ሊያገኘው የሚፈልገው ወላጅ ነው።

አራተኛውን ማንም በግልጽ አያወራውም። ራስን ስለማጥፋት ልጅን መጠየቅ እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ «ክፉ አታንሳ» ይባላል። በ2005 በኒውዮርክ ግዛት ስድስት ሃይስኩሎች ከሁለት ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ መረመረ። ስለ ጉዳዩ በቀጥታ የተጠየቁት ልጆች ካልተጠየቁት የባሰ ጭንቀት አላሳዩም፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብም በእነሱ ዘንድ አልበዛም። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። «ልጄ፣ መኖር ያስጠላሽ ጊዜ አለ?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ አዎ ከሆነ ብቻዋን አለመተው፣ ቤት ያለውን መድኃኒትና ስለት ማራቅ፣ ወዲያው 988 መደወል። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አገሪቱ የሚሠራው ይህ ቁጥር ሌትና ቀን ይነሳል፤ በስልክ ለሚደውል ከ240 በላይ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ያቀርባል። «አምሃሪክ» ማለት በቂ ነው።

ስለ አስተርጓሚ ከተነሳ አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። በወላጅ ስብሰባ ላይ ልጅቱ ራሷ ስለ ራሷ ስታስተረጉም ማየት እንግዳ አይደለም። «ዲፕረስድ ናት» የተባለውን «ትንሽ ደክሟታል» ብላ ለእናቷ ታሳልፋለች፤ እናት እንዳታለቅስባት። የአሜሪካ የትምህርትና የፍትሕ ሚኒስቴሮች በ2015 በጋራ በጻፉት መመሪያ ትምህርት ቤቶች ተማሪን፣ ወንድም እህትንና ጓደኛን አስተርጓሚ ማድረግ እንደሌለባቸው ገልጸው ነበር፤ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግም ወላጅ በቋንቋው ምክንያት መረጃ እንዳይነፈግ ይጠብቀዋል። አስተርጓሚ ነፃ ነው፤ ወላጅ ሊጠይቀው መብቱ ነው።

አሌክሳንድሪያ ከቤተሰብ ጋር የሚሠራ የራሷ ማዕከል አላት፤ የቤተሰብ ቋንቋ የሚናገሩ አገናኞች አሏት። አርሊንግተን ደግሞ በዶክተር ፀሐዬ ተፈራ መሪነት በ1983 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት አለ፤ የስደተኛን ቤተሰብ ችግር ከአርባ ዓመት በላይ ያየ ድርጅት ነው። ሰው አለ ማለት ነው። የጎደለው ሰዓቱ ነው። ወላጅና ትምህርት ቤት የሚተዋወቁት ችግር በመጣ ቀን መሆን የለበትም። ሴፕቴምበር ላይ፣ እንቁጣጣሽ በሚከበርበት ሰሞን፣ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ምሽት ይደረጋል፤ ካውንስለሯ እዚያ ትቆማለች፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወላጅ የማታ ፈረቃ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ያንን ምሽት ቅዳሜ ጠዋት፣ በሳውዘርን ታወርስ ሎቢ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቢደግመው፣ ወጪው ጥቂት ወንበርና አንድ አስተርጓሚ ነው። ወላጅም በበኩሉ አሥር ደቂቃ አግኝቶ «የልጄ ካውንስለር ማን ናት? ከእኔ በፊት ምን ታዩባታላችሁ? ልጄ ቢከፋት ለማን ትናገር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቀጥሎ ስልኩ ሲደወል «ምን አጠፋች?» አይልም።

ለዛሬ ግን ከዚህም የቀለለ ነገር አለ። ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ የሚሞላው ቅጽ ላይ ትምህርት ቤቱ በየትኛው ቋንቋ እንዲያነጋግረው የሚጠይቅ ቦታ አለ። አንዳንድ ወላጆች «ልጄን ኢሶል ያስገቡብኛል»፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ክፍል፣ ብለው ስለሚሰጉ እንግሊዝኛ ብለው ይሞሉታል። ልጁ ኢሶል የሚገባው ግን ራሱ ተፈትኖ ነው፤ ወላጅ አማርኛ መምረጡ የልጁን ክፍል አይለውጠውም። እንግሊዝኛ ብሎ የሞላ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ወይም ደውሎ አማርኛ ብሎ ማስቀየር ይችላል፤ ለዚያም ጥሪ ቢሆን አስተርጓሚ ይጠይቅ።